አንድ ጉዳይ፣ አራት ዓይነት መጽሐፍ

ከሁሉም ዓይነት ማንበብ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የታሪክ፣ አንድ የሃይማኖትና አንድ ልብ ወለድ ይገዛል፤ ስልኩ ላይ ደግሞ ኮሚክ ይጭናል። አራቱንም በአንድ ሳምንት ይጀምራቸዋል። ወር ሳይሞላ የታሪኩ መጽሐፍ ገጽ 40 ላይ ይቆማል፤ የሃይማኖቱ ትራስ ሥር ገብቶ ይረሳል፤ ልብ ወለዱ ብቻ ያልቃል። ይህ ስንፍና አይደለም። መጻሕፍቱ እርስ በርሳቸው ስለማይተዋወቁ ነው። አንዱን ዘግቶ ሌላውን የሚከፍት ሰው በየጊዜው እንግዳ ቤት እንደሚገባ ሰው ነው፤ ገና ቁጭ ሳይል ይነሣል።

የሚሠራው መንገድ ተገላቢጦሹ ነው። መጀመሪያ አንድ ጉዳይ ይያዛል፤ ከዚያ በዚያው ጉዳይ ላይ የተጻፈውን በአራቱም ዓይነት መፈለግ ነው። ባቲና አምባሰል የሚወጡት ከአንድ ክራር ነው፤ የሚለየው ቅኝቱ ነው። ወሎ ውስጥ ላለ አንባቢ ደግሞ ጉዳይ አይቸግረውም። መቅደላ አለ፣ ውጫሌ አለ፣ ቦሩ ሜዳ አለ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ላሊበላ፣ ግሸን፣ ጀማ ንጉሥ አለ። ከደሴ ጠዋት ተነሥቶ ሐይቅንና ውጫሌን አይቶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። ያነበቡትን ቦታ በዓይን ማየት የመቶ ገጽ ያህል ያግዛል።

መቅደላን እንውሰድ። በዚህ ጉዳይ መጀመር ያለበት ከልብ ወለድ ነው ባይ ነኝ፤ ብዙዎች ግን ከታሪክ ጀምሩ ይላሉ። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን የመሰለ ሥራ ሰዎቹን በፊት በመልክ ያስተዋውቃል፤ ኋላ የታሪክ መጽሐፍ ሲከፈት ስሞቹ ባዶ ስም አይሆኑም። አደጋው ልብ ወለዱ ውስጥ ያለ ንግግር እንደ እውነት አእምሮ ውስጥ መቅረቱ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ እያነበቡ «ይህን ከየት አመጣው?» የሚያሰኙ ቦታዎችን ገጻቸውን መጻፍ ነው። ከአሥር አይበልጡ። ከአሥር ከበለጡ ኋላ ማንም ተመልሶ አያያቸውም።

ቀጥሎ ታሪክ። እዚህ ላይ ቢያንስ ሁለት ወገን ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱም አንድ ጥያቄ፦ ጸሐፊው ያን ጊዜ የት ቆሞ ነበር? የደብተራ ዘነብ ዜና መዋዕል ንጉሡን የሚያወድስ ነው፤ ደግሞም የመጨረሻው ቀን ሳይደርስ ያቆማል። የአለቃ ወልደ ማርያም እስከ ፍጻሜው ይሄዳል፤ ቃሉም ጠንከር ያለ ነው። ከእንግሊዝ ወገን ሐኪሙ ብላንክና መልእክተኛው ራሳም ራሳቸው አምባው ላይ እስረኞች ነበሩ፤ ውስጡን አይተዋል፣ ያዩት ግን ከሰንሰለት ጋር ነው። ጋዜጠኛው ስታንሊ ከጦሩ ጋር ስለመጣ የመጨረሻዎቹን ቀናት በቅርብ ይነግረናል፤ ከዚያ በፊት ስለሆነው ነገር ግን የሰማውን ነው የሚጽፈው። አምስቱን ሙሉ በሙሉ ማንበብ አያስፈልግም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነውን፣ ማለትም ቴዎድሮስ ራሱን የገደለበትን ቀን፣ በአምስቱም ብታነቡ በቂ ነው፤ ዘነብ ጋ ስትደርሱ ቀኑ የለም፣ ያም ራሱ ትምህርት ነው።

ሦስተኛው የሃይማኖት መጽሐፍ ነው። ለመቅደላ ይህ ከየት ይመጣል ትሉ ይሆናል። ቴዎድሮስ ሊያሠራው ላሰበው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከየቦታው የሰበሰበው የብራና መጽሐፍ አምባው ላይ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ዘርፎ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጠው፤ 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ነው። ከተወሰዱት አንዱ ክብረ ነገሥት ነበር፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በደብዳቤ ጠይቀው ተመልሷል። ስለዚህ ከክብረ ነገሥት የንግሥተ ሳባን ክፍል ብቻ ማንበብ ከዚህ ጉዳይ ጋር ይገጥማል፤ ንጉሡ ያን መጽሐፍ ለማስመለስ ለምን እንደደከሙ ያኔ ይገባል።

አራተኛው ሥዕል ነው። በ1860 ዓ.ም. የለንደን ሥዕላዊ ጋዜጦች የመቅደላን ዘመቻ በቅርጽ አትመው ነበር፤ የልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፎችም አሉ። እነዚህን ደርድሮ እንደ ኮሚክ ማንበብ ይቻላል፤ ማን መሐል ቆሟል፣ ማን ጥግ ላይ ነው፣ ማን ጭራሽ የለም? ከዚህ የሚበልጠው ግን ራሳችሁ መሣል ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ ለሁለት እጠፉት፤ ሲዘረጋ ስምንት ሣጥን ይወጣል። በስምንቱ ሣጥን የመቅደላን ፍጻሜ አስቀምጡ። ሥዕል አለመቻል ምክንያት አይሆንም፤ ሰውን በመስመር ማሳየት ይበቃል። ቁም ነገሩ ሦስተኛው ሣጥን ላይ ይመጣል፤ የአምባው በር ምን ይመስል ነበር? ወታደሮቹ ምን ለብሰው ነበር? ዝናብ ነበር ወይስ ፀሐይ? እጅ የቆመበት ቦታ ያላነበባችሁት ነው። ከዚያ ወደ መጽሐፉ መመለስ ነው። ይህች ልምምድ ሃምሳ ጥያቄ ካለው ፈተና ትበልጣለች።

አሁን ንባብን የሚያሰናክሉ ነገሮች። ትልቁ ዘመን አቆጣጠር ነው።

የወሎን ረሃብ ያነበበ ሰው «የ1966ቱ»፣ «የ1974ቱ»፣ «የ1977ቱ»፣ «የ1985ቱ» እያለ አራት ረሃብ ሊቆጥር ይችላል። ሁለት ናቸው። 1966 በእኛ፣ 1973/74 በአውሮፓ፤ 1977 በእኛ፣ 1984/85 በአውሮፓ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የተርጓሚ ነው፤ ዓመቱን እንዳለ ትቶ «እ.ኤ.አ.» ሳይል ያልፋል። ሕጉ ይህ ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው በእኛ ዓመት ላይ 7 ይደመራል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ባለው ደግሞ 8 ይደመራል። ወሩ ካልተጻፈ ሁለቱንም ዓመት በደብተር መጻፍ እንጂ አንዱን መገመት አያስፈልግም።

ቀኑም ራሱ ይንሸራተታል። የዐድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ሲሆን በአውሮፓ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። ምክንያቱ አውሮፓውያን በ1900 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪን 29 ቀን አለማድረጋቸው ነው፤ እኛ ግን ጳጉሜንን 6 አድርገናል። ስለዚህ ከ1900 በፊት ላለ ቀን የስልክ ቀን መለወጫ ከመጽሐፉ በአንድ ቀን ቢለይ ደራሲውን ለመውቀስ አትቸኩሉ፤ አንዳንዱ መለወጫ የዛሬውን ልዩነት ለሁሉም ዘመን ይጠቀማል።

በድሮ ጽሑፎች ዓመተ ዓለም ይመጣል፤ በዓመተ ምሕረት ላይ 5500 መደመር ነው። ያን ድምር ለ4 ስታካፍሉ 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ይህ ለጨዋታ አይደለም። ዜና መዋዕል «በዘመነ ማቴዎስ» ብሎ ዓመት ሳይጽፍ ሲያልፍ ወይም የተጻፈው ዓመት ጥርጥር ሲያስነሣ ማረጋገጫ ይሆናል። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ተፈረመ፤ 7381ን ለ4 ስናካፍል 1 ይተርፋል፤ ዘመነ ማቴዎስ ነው። በሌላ ዘመን አድርጎ የሚጽፍ መጽሐፍ ቢገጥማችሁ አንድ ነገር ተሳስቷል።

የሸሆች ታሪክና መንዙማ ደግሞ በሒጅራ ይቆጥራል። የሒጅራ ዓመት 354 ቀን ገደማ ስለሆነ ዝም ብሎ መደመር አይሠራም። የሒጅራውን ዓመት በ0.97 አባዝቶ 622 መደመር የአውሮፓውን ይሰጣል። 1300 ሒጅራ በ0.97 ሲባዛ 1261፣ ሲደመር 1883፤ በእኛ 1875 ገደማ። የአንድ ዓመት ስሕተት ሊኖረው ይችላል፤ ለንባብ ግን ይበቃል።

ሁለተኛው እንቅፋት ስም ነው። ካሣ ማን ነው? ቴዎድሮስም ዮሐንስ አራተኛም ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ነበሩ። መሐመድ ዓሊ፣ ራስ ሚካኤል፣ ንጉሥ ሚካኤል አንድ ሰው ነው፤ በ1870 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ተጠመቀ፣ በ1906 ነገሠ። በዚህ ላይ ደግሞ የፈረስ ስም አለ፤ አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ ዮሐንስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ ጤና ልጅ ኢያሱ፣ አባ ጠቅል ኃይለ ሥላሴ። ግጥምና ፉከራ የሚጠራው በፈረስ ስም ስለሆነ ይህን ያልያዘ ሰው ግማሹን አይሰማም። ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዙ፤ የመጀመሪያውን አሥር ሉክ ለስም ብቻ ተዉት። በአምስት ዓምድ፦ የልደት ስም፣ የክርስትና ወይም የንግሥ ስም፣ የፈረስ ስም፣ ማዕረጉ ከነዓመቱ፣ የሞተበት ዓመት። ይህችው ደብተር ለልብ ወለድም ትሠራለች፤ ብዙ ሰው የሚርመሰመስበት ትርጉም ልብ ወለድ፣ በተለይ የሩሲያው፣ አንዱን ሰው በሦስት ስም ስለሚጠራ ያለ ደብተር ገጽ 60 ላይ ግራ ያጋባል።

ሦስተኛው ፊደል ነው። የአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ ከኋላ የቃላት መጠቆሚያ የላቸውም። ስልክ ላይ ባለ ፒዲኤፍ መፈለግ ደግሞ የሚሠራው ፊደሉ በትክክል ሲገጥም ነው፤ ዐፄ፣ ዓፄ፣ አፄ፣ አጼ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው ለስልኩ። አንዱን ፈልጎ «የለም» ብሎ መተው የተለመደ ስሕተት ነው። ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ፣ ሀ ሐ ኀ፣ አ እና ዐ፤ ሁሉንም መሞከር። አጭሩ ዘዴ የማይለዋወጥ ፊደል ያለበትን የስሙን ክፍል ብቻ መፈለግ ነው፤ ለምሳሌ ለ«ዐፄ ቴዎድሮስ» «ቴዎድሮ» ብቻ። ፒዲኤፉ በፎቶ የተነሣ ከሆነ ግን ጭራሽ አይፈለግም፤ ጣታችሁን ገጹ ላይ ስታቆዩ ቃል ካልተመረጠ ፎቶ ነው። የድሮ መጻሕፍት የኅትመት ዓመት በግእዝ ቁጥር ይሆናል፤ ከ፻ በፊት ያለው ቁጥር በመቶ ይባዛል፣ ከኋላ ያለው ይደመራል። ፲፱፻፶፰ ማለት 19 ጊዜ መቶ ሲደመር 58፣ 1958 ነው።

የኅትመት ዓመት እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ተሻረ፤ ጥቅምት 17 አባቱ ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን መጽሐፍ የሚታተመው በአሸናፊው ወገን አገዛዝ ነው። ደርግ ከመጣ በኋላም ሳንሱር አልቀረም፤ የቀረው በ1985 የፕሬስ አዋጅ ነው። ስለዚህ ስለ ልጅ ኢያሱ የተጻፈ መጽሐፍ ሲነሣ ደራሲው ከመታየቱ በፊት ዓመቱ ይታያል። ሳንሱር ያለፈ መጽሐፍ ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ዝም ያለበትን ቦታ ማሰስ ይገባል ማለት ነው። ውጫሌን የሚያነብም አንቀጽ 17ን በሁለቱም ቋንቋ ሳያይ አይለፍ። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ነው፤ በጣልያንኛው ግዴታ ሆኗል። ጦርነት ያመጣ አንድ ግሥ ነው።

ወደ ሃይማኖት መጻሕፍት ስንመጣ ጉዳዩ ሰፋ ይላል፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ስለሚገኙ ከሌላ ቦታ ይልቅ ይቀላል።

መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት ጀምሮ በተራ የሚያነብ ሰው ዘሌዋውያን ላይ ይቆማል። ቁርኣንን ከፊት የሚጀምር ደግሞ ሁለተኛው ሱራ (ምዕራፍ)፣ አል በቀራ፣ 286 አያ (አንቀጽ) ሆኖ ያገኘዋል። ሁለቱም የሚቆሙት በአንድ ምክንያት ነው፤ መጽሐፉ በዘመን ቅደም ተከተል የተደረደረ መስሏቸው። የቁርኣን 114 ሱራዎች በጥቅሉ ከረዥም ወደ አጭር የሚሄዱ እንጂ በወረዱበት ቅደም ተከተል አይደሉም። የመድረሳ ልጆች ከኋላ፣ ከመጨረሻው ክፍል ከዐማ ጁዝ መጀመራቸው በከንቱ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያነብ የምመክረው ሁለቱን ጎን ለጎን ማድረግ ነው፤ ሱራ 12፣ ዩሱፍን (111 አያ) ከዘፍጥረት 37 እስከ 50 ጋር። አንድ ታሪክ ነው፣ አተራረኩ ግን ሌላ። በሱራው ሸሚዙ ከኋላ መቀደዱ ለዮሴፍ ንጽሕና ማስረጃ ይሆናል፤ በኦሪት ልብሱ ሴትዮዋ እጅ ቀርቶ መክሰሻ ይሆናል። ሴቶቹ እጃቸውን የቆረጡበት ቦታ በኦሪት የለም፤ የይሁዳና የትዕማር ታሪክ ደግሞ ሱራው ውስጥ የለም። ሁለተኛው ጥንድ ሱራ 19፣ መርየም፣ ከሉቃስ ምዕራፍ 1 ጋር ነው። ሉቃስን የወደደ የሐዋርያት ሥራን ይቀጥል፤ የአንድ ጸሐፊ ሁለት ክፍል ነው።

የሌላውን ቤት መጽሐፍ ሲነኩ ሥርዓት አለ። ሙስሐፍ፣ ማለትም የዐረብኛው ቁርኣን፣ ያለ ውዱእ (ለሶላት እንደሚደረገው ሳይታጠቡ) አይያዝም፤ ለአማርኛው ትርጉም ብዙ ቤት ያላላል፣ ቢሆንም ባለቤቱን መጠየቅ ነው። ወለል ላይ አይቀመጥም፣ ሌላ መጽሐፍ አይጫንበትም። ያልገባን ነገር ሸሁን ወይም መሪጌታውን ስንጠይቅ «ይህ እውነት ነው ወይ?» ማለት በር ይዘጋል። «ሸህ፣ ይህን ቦታ እርስዎ ዘንድ እንዴት ይቀሩታል?»፣ «የኔታ፣ ትርጓሜው ምን ይላል?» ሲባሉ ግን ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ያወራሉ።

የአንድምታ ትርጓሜ ለማንኛውም መጽሐፍ የሚሆን መሣሪያ ነው። አንዱን ቃል ይይዙና «አንድም» እያሉ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ፍቺ ያወጡለታል። የዋድላ ቅኔ ቤት ባለበት አገር ይህን ከሌላ መማር አያሻም። ልብ ወለድ ስታነቡ የከበደ ቦታ ላይ በእርሳስ «አንድም» ብላችሁ ሁለተኛ ፍቺ ጻፉ። ሁለተኛ ፍቺ ካልመጣ ቦታው ሰም ብቻ ነው፤ ማለፍ ይቻላል።

ገድልን እንደ ታሪክ መጽሐፍ ማንበብ ሁለት ዓይነት ስሕተት ያመጣል። አንዱ ሁሉን እንዳለ መቀበል፣ ሌላው ተአምሩን አይቶ መጽሐፉን መወርወር። ገድል የራሱ አሠራር አለው፦ ልደት፣ ተጋድሎ፣ ቃል ኪዳን፣ ዕረፍት፣ ተአምር። ከቅዱሱ ዘመን ብዙ ቆይቶ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ለታሪክ ፈላጊ ጥቅሙ ጸሐፊው ሳያስበው የጣላቸው ነገሮች ናቸው፤ የመንደር ስም፣ የግብር ዓይነት፣ የሚበላው፣ የመንገዱ ቀን ብዛት። እነዚህን ለማጭበርበር ምክንያት አልነበረውም። በብራና መጻሕፍትም ኅዳጉ ላይ የርስት ስጦታና የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር ይጻፋል፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። ሄዶ ለማየት ዕድል የገጠመው ብራናውን ራሱ አይግለጥ፤ የእጅ ወዝና ሙቀት ያበላሸዋል፣ መነኩሴው ይግለጡለት።

መንዙማ በዐጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ ነው ሲወርድ የኖረው። በእኛ ፊደል ታትሞ ሲገኝ የዐረብኛው ቃል አነጋገሩ ስለሚቀየር የቃል ዝርዝር ያስፈልጋል፤ ሰለዋት፣ ወሊይ፣ ከራማ፣ ሐድራ እያሉ ሃያ ቃል መያዝ ግማሹን መንገድ ያስኬዳል። ውዳሴ ብቻም አይደለም። ስለ ቦሩ ሜዳና ከዚያ በኋላ ስለመጣው የግዳጅ ጥምቀት የዐፄ ዮሐንስ ዜና መዋዕል የሚለው አለ፤ ያን የተቃወሙት የሸህ ጦልሃ ጃዕፈር ወገን ደግሞ ሌላ ድምፅ ነው። ሁለቱን ያላነበበ ቦሩ ሜዳን አነበብኩ አይበል።

በሸህ ሁሴን ጅብሪል ስም የሚነገሩት የትንቢት ግጥሞች ላይ አንድ ጥንቃቄ አለኝ። በቃል ሲወርዱ የቆዩ ናቸው፤ በቃል የሚወርድ ግጥም ደግሞ እንደየዘመኑ ይሞረዳል። ግጥሙ የሚናገረው ክስተትና መጽሐፉ የታተመበት ዓመት ጎን ለጎን ይጻፍ። ክስተቱ ከኅትመቱ በፊት ከሆነ እንደ ትንቢት ሳይሆን የሕዝብ ትዝታ ብላችሁ አንብቡት። እንደዚያም ሆኖ ውበቱ አይቀንስም።

ኮሚክን ብዙ ሰው የልጅ ነገር ያደርገዋል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሣጥን በሣጥን ከፋፍለው የሚሥሉ የአገራችን ሠዓሊዎች ሥራ በየሰው ሳሎን ተሰቅሎ እያለ። ያ ምን ነበር? በኮሚክ ታሪክም ሃይማኖትም ይጻፋል። የአርት ስፒገልማን «ማውስ» የአይሁድን እልቂት በአይጥና በድመት ሣለ፤ በ1992 እ.ኤ.አ. የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። የማርጃን ሳትራፒ «ፐርሴፖሊስ» የኢራንን አብዮት በጥቁርና ነጭ ይነግራል። ከአገራችን «ጀምበር» የተባለው ልዕለ ጀግና በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጥቷል። የቤልጂጉ ቲንቲን ደግሞ ለተቃራኒ ምክንያት ይነበብ፤ ኮንጎ የሄደበት ክፍል ቅኝ ገዢ አፍሪካዊን እንዴት እንደሚያይ በሥዕል ያሳያል።

ሲነበብ የሚበላሸው እንዲህ ነው። አንባቢ ጽሑፉን ብቻ ጠርጎ ያልፋል፤ 22 ገጽ በስድስት ደቂቃ ያልቅና «ምንም የለውም» ይላል። መጀመሪያ ገጹን ያለ ጽሑፍ፣ በሥዕል ብቻ ማየት፤ ከዚያ ማንበብ። በሣጥኖቹ መካከል ያለው ነጭ ቦታ ባዶ አይደለም። አንዱ ሣጥን ላይ ቢላዋ ከተነሣ፣ በሚቀጥለው ወፍ ከበረረ፣ ግድያውን የፈጸመው አንባቢው ነው፤ ደራሲው አልሣለውም። ገጹ ላይ ትልቁ ሣጥን የትኛው እንደሆነ ማየት፤ ደራሲው እዚያ ቁሙ እያለ ነው።

የጃፓን ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ የኋላ ሽፋን የሚመስለው የፊቱ ነው፣ ሣጥኖቹም ከላይ ቀኝ ይጀምራሉ። ከግራ የጀመረ ሰው መልሱን ከጥያቄው በፊት እያነበበ ታሪኩ እብድ ይመስለዋል። መድረሳ የቀራ ልጅ ግን በዚህ አይቸገርም፣ እጁ ለምዶታል።

በስልክ ሲነበብ ገጹን እያሳደጉ ሣጥን በሣጥን መጎተት የገጹን አሠራር ይገድላል። ስልኩን ቀጥ አድርጎ ሙሉ ገጹን አንድ ጊዜ ማየት፣ ከዚያ ማሳደግ ይሻላል። የፋይሉ ስም መጨረሻው ሲቢዜድ (.cbz) ከሆነና ማንበቢያ መተግበሪያ ከሌለ መጨረሻውን ወደ ዚፕ (.zip) ቀይሮ መክፈት ይቻላል፤ ውስጡ በቁጥር የተደረደሩ ሥዕሎች ናቸው። በቴሌግራም የሚዞረው የአማርኛ መጽሐፍ ፒዲኤፍ ግን አብዛኛው ያለ ደራሲው ፈቃድ ነው፤ በሕይወት ያለን ደራሲ መጽሐፍ ገበያ ላይ እያለ ከዚያ መውሰድ ቀጣዩን መጽሐፍ መግደል ነው።

አሮጌ መጽሐፍ ከመንገድ ሻጭ ስትገዙ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። መጽሐፍ የሚጠረዘው ብዙ ጊዜ በ16 ገጽ ጥራዝ ነው፤ ስለዚህ የሚጎድለውም የሚደገመውም በ16 ነው። ገጽ 16፣ 32፣ 48 እያላችሁ ቁጥሩ መቀጠሉን አረጋግጡ፤ ሙሉውን መቁጠር አያስፈልግም። ቀጥሎ መሐሉን ገልጣችሁ ክር መኖሩን፤ በሙጫ ብቻ የተያዘ በሁለተኛ ንባብ ይበተናል። ሦስተኛ በፎቶ ኮፒ የተባዛ መሆኑን፤ የፊደሉ ጠርዝ የተበላ ከሆነና ከጥራዙ በኩል ያለው ቃል ከተዋጠ ኮፒ ነው፤ ሠ ከሰ፣ ጸ ከፀ አይለይም፤ ቀጫጭን የፊደል ቅጥሎችም ይጠፋሉ።

ቡና ላይ በጋራ ማንበብ የሚፈልጉ ከአምስት ሰው ባይበልጡ ጥሩ ነው። አቦል ላይ አንድ ሰው ስምንት ወይም አሥር ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ማንም አያቋርጥም። ቶና ላይ ያልገባ ቃልና ስም ብቻ ይጠየቃል። ክርክር በረካ ላይ ነው። ክርክሩ አቦል ላይ ከተጀመረ መጽሐፉ ይረሳል፤ ይህ ሁልጊዜ የሚሆን ነው። ምዕራፉ ሃይማኖት ነክ ሲሆን የዚያ ሃይማኖት ሰው ያንብብ።

የመጨረሻው የደሴ ክረምት ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ግድግዳው ይልባል፤ መጽሐፍ ደግሞ ከግድግዳው ይጠጣል። መደርደሪያው ከግድግዳ አራት ጣት፣ ከወለል አንድ ስንዝር ይራቅ። መጽሐፍ ቆሞ ይደርደር፣ ጥብቅ አይበል፤ በመካከል አየር ካልገባ ሻጋታ ከውስጥ ይጀምራል። እርጥብ መጽሐፍ በፌስታል መጠቅለል እንደ መጠበቅ ይመስላል፣ ግን እርጥበቱን ቆልፎ ያበሰብሰዋል። የረጠበ መጽሐፍ ፀሐይ ላይ ወይም ከሰል አጠገብ አይሰጣ፤ ሽፋኑ ይጣመማል፣ ሙጫው ይሰነጠቃል። በየ20 ገጹ ንጹሕ ነጭ ወረቀት አስገብቶ፣ ገለጥ አድርጎ ጥላ ላይ ማቆም፣ ወረቀቱን ጠዋትና ማታ መለወጥ። ጋዜጣ ቀለሙ ስለሚለቅ አይሆንም። የሻገተ ካለ መጀመሪያ ይድረቅ፤ ከዚያ ውጭ ወጥቶ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። ሳይደርቅ ከተጠረገ ሻጋታው ወደ ወረቀቱ ይገባል። መስከረም ሲጠባ ሁሉንም አውርዶ መግለጥ ነው፤ በዚያው የተበደረው የማን እንደሆነ ይታያልና ለባለቤቱ ይመለስ።